ፍርስራሹ የታለ?

እኛ ነገሌ ቦረና ያደግን ሰዎች ቱሪስት ሲባል አንገቱን ወደ ላይ ያንጋጠጠ ፈረንጅ ነው የሚመጣልን። ወደ ከተማችን የሚመጣው ለሕንፃ፣ ለገበያ ወይም ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለወፍ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ በሚገኘው የሊበን ሜዳ ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ቡናማ ወፍ አለች፤ እሷን ለማየት ሰው ከአውሮፓ ድረስ መጥቶ ሣር ለሣር ሲዞር ይውላል። ሌላዋ አረንጓዴ ላባና ነጣ ያለ ጉትዬ ያላት፣ የሩስፖሊን ስም የያዘችው ወፍ ናት። ሩስፖሊ ጣሊያናዊ ልዑል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1893 እዚሁ ደቡባችን ውስጥ ዝሆን ገደለው፣ ወፏ ስሙን ይዛ ቀረች። ልጆች ሆነን ሰው ለወፍ ብሎ ባሕር መሻገሩ ያስቀን ነበር። ለድንጋይ ብሎ የሚሻገር እንዳለማ ጭራሽ አልሰማንም።

የድንጋዩን ጉዳይ ቤታችን ይዞ የገባው የአክስቴ ልጅ ነው። ባለፈው የካቲት ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ እኛ ጋ ሰነበተ፤ ስልኩ ውስጥ ፔሩ ሙሉዋን አለች። ማቹ ፒቹን ለማየት የሄደበትን ቀን አንድ በአንድ ተረከልን። መጀመሪያ ባቡር፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት የሚወጣ አውቶብስ፣ ከዚያ ሰዓቱ የተጻፈበት ቲኬት፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ የማይፈቀድበት የእግር መንገድ። ጥቂት ሰዓት አይተህ ትወጣለህ፣ በቃ። ፎቶዎቹ ግን እውነት ለመናገር ያስደነግጣሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ፣ ደመና ከሥሩ፣ እንደ ደረጃ የወረዱ እርከኖች፣ ጣራ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች። የኢንካው ንጉሥ ፓቻኩቲ በ15ኛው መቶ ዓመት ያሠራው እንደሆነ ነው ተመራማሪዎቹ የሚናገሩት።

እናቴ ቡናዋን ከረከቦቱ አጠገብ ትታ ስልኩን ተቀበለች። አየች፣ አየችና፦

"ሰዎቹ የት ሄዱ?" አለች።

"ሞተዋል አክስቴ። ከ500 ዓመት በፊት እኮ ነው።"

"ዘር አልተዉም?"

"ዘራቸውማ አለ። እዚያ ውስጥ አይኖሩም እንጂ።"

"እና ባዶ ቤት ለማየት ነው ያን ሁሉ ዶላር የከፈልከው?"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እርከኖቹን ሳይ ሌላ ተራራ ነበር በዓይኔ የመጣው። "እንዲህ ያለውን እኮ እኛም አለን" አልኩት። "ከያቤሎ ጠዋት ወጥተህ ማታ ትመለሳለህ።" አላመነኝም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው፤ ስለ ደቡብ የሚያውቀው ከንፈራቸው ላይ ሸክላ ያደረጉ ሴቶችን ፎቶ ብቻ ነው። እንሂድ ተባባልን።

ከነገሌ ያቤሎ ያለውን መንገድ አልተርክላችሁም። ዳዋን ተሻግረን፣ በአሬሮ አድርገን፣ አቧራችንን ስንቅም ውለን ያቤሎ አደርን። በማግስቱ ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ኮንሶ ወጣን። ከያቤሎ ኮንሶ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የምናውቀው አገር ነው፤ ግራር፣ ቀይ አፈር፣ የጉንዳን ኩይሳ፣ መንገድ የሚዘጋ የግመል መንጋ። ቀስ እያለ ወደ ሰገን ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ነው የአክስቴ ልጅ ማውራት ያቆመው።

ተራራው ተተልትሏል። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከእግሩ እስከ አናቱ፣ ከዚህኛው ሸንተረር እስከዚያኛው፣ በድንጋይ ካብ ተከፋፍሎ ደረጃ ሆኗል። አንዱ ካብ ጉልበት ድረስ ነው፣ ሌላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እስከ 5 ሜትር የሚደርስም አለ። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። በየደረጃው የማሽላ አገዳ ቆሟል፣ በመካከሉ ሽፈራው ተተክሏል። ሽፈራው ለኮንሶ እንደ ጎመን ነው፤ ቅጠሉን ቀቅለው ከማሽላ ድብልብል ጋር ይበሉታል፣ ኩርኩፋ ይሉታል። እኛ አገር መድኃኒት ነው ተብሎ በዱቄት መልክ በላስቲክ እየተሸጠ ነው፤ እነሱ ከማንም በፊት ወጥ አድርገውታል።

የዞኑ ከተማ ካራት ነው። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ደርሰንበታል። ሴቶቹ የሚለብሱት ሁለት ድርብ ያለው ቀሚስ ከሩቅ ያስታውቃል። አስጎብኚ ይዘን፣ የመግቢያ ደረሰኝ ቆርጠን፣ ወደ ጋሞሌ ወጣን። አስጎብኚያችን ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እዚያው ጋሞሌ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም እንግሊዝኛውም የማይደናቀፍ ልጅ።

ጋሞሌ ኮንሶዎች ፓሌታ ከሚሏቸው የተከለሉ ከተሞች አንዱ ነው። ፓሌታ ሁልጊዜ ኮረብታ አናት ላይ ነው የሚቆረቆረው፤ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ እንዲታይ። ዙሪያውን በድንጋይ አጥር ይታጠራል፤ አጥሩ አንድ ዙር ሊሆን ይችላል፣ እስከ ስድስት ዙር የሚደርስም አለ። ሕዝቡ ሲበዛና ከአጥሩ ውጭ ቤት ሲሠራ ሌላ ዙር ይታከላል ነው የሚሉት፤ እንደ ዛፍ ቀለበት ማለት ነው። ውስጡ ሲገቡ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግራና ቀኝ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በላይ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የሣር ጣራ፣ ከጣራው አናት ላይ የተደፋ ሸክላ። የግቢው በር ደግሞ ሆን ተብሎ ዝቅ ብሏል፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። እንግዳም ጎንበስ፣ ጠላትም ጎንበስ። ልዩነቱ ጠላት ቀና ሲል የሚጠብቀው ነገር ነው።

በየመሐሉ ሞራ የሚባል አደባባይ አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ እስከ 17 ሞራ ሊኖር ይችላል። ሽማግሌ የሚፈርደው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ በዓል የሚከበረው እዚያ ነው። ሞራው ላይ ትልቅ የጋራ ቤት ይቆማል፤ ሥሩ ክፍት ነው፣ ቀን ሰው ያርፍበታል። ጣራው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ደግሞ ያላገቡ ወጣቶች ያድራሉ። ምክንያቱን ጠየቅን። "እሳት ቢነሳ፣ ጠላት ቢመጣ፣ ሴት በሌሊት ምጥ ቢይዛት ተሸክሞ የሚሮጥ ያስፈልጋላ" አለ አስጎብኚው። እሱም እዚያ አድሯል። ትኋኑን ሲያስታውስ ሳቀ።

ሞራው ጥግ ላይ ረጃጅም የጥድ ግንዶች አንድ ላይ ታስረው ቆመዋል። የትውልድ ግንድ ነው የሚባለው። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደሚቀጥለው ሲተላለፍ አንድ ግንድ ይጨመራል። ቦረና በየ8 ዓመቱ አባ ገዳ እንደሚያስረክበው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እኛ ቁጥሩን በቃል እንይዛለን፣ እነሱ ያቆሙታል። ከግንዱ አጠገብ ወደ ሰማይ የቀሰሩ ድንጋዮች አሉ፤ ደጋ ሄላ ይሏቸዋል። "ደጋ" ሲል ጆሮዬ ቆመ። በእኛም ኦሮምኛ ድንጋይ ዻጋ ነው። ከነገሌ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ የማውቀውን ቃል ድንጋይ ላይ ተጽፎ ያገኘሁት መሰለኝ። ድንጋዩ ከተራራ ተፈልጦ፣ በሰው ትከሻ ተጭኖ፣ በሥርዓት ነው የሚተከለው። አክሱም ሐውልት መትከል ካቆመ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጢያም ትክል ድንጋዮች የተከላቸው ሰው ማን እንደሆነ እየተጠየቀባቸው ነው። ኮንሶ ግን ዛሬም ይተክላል። ዩኔስኮ ራሱ ሲመዘግበው ድንጋይ መትከል ካላቆሙት የመጨረሻዎቹ ሕዝቦች አንዱ ነው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ምዝገባው በ2003 ዓ.ም. ነበር፤ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የኖረ ባሕል ተብሎ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአክስቴ ልጅ የጠየቀው። ውሃውን ጠጥቶ፣ ዙሪያውን ቃኘና፣ በቅንነት፦

"ሁሉም ደስ ይላል። ግን ፍርስራሹ የታለ?"

እሱ ፍርስራሽ የለመደ ሰው ነው። የቱሪስት ቦታ ማለት ሰው የሌለበት፣ ገመድ የተዘረጋበት፣ "አትንኩ" የተባለበት ቦታ ነው ለእሱ። እዚህ ግን ፊቱ ላይ አንዲት እናት ማሽላ ትወቅጣለች፣ ሦስት ሕፃናት የትውልድ ግንዱ ሥር ኳስ ይጫወታሉ፣ አንድ ሽማግሌ ከተከሉት ድንጋይ ላይ ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ድንጋዩ 200 ዓመት ቢሆነውም ለሽማግሌው መደገፊያ ነው።

አስጎብኚው ጥያቄው አልከበደውም። "ገና ነው" አለ።

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ማቹ ፒቹም እኮ አንድ ሰሞን "ገና" ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም "የጠፋ ከተማ አገኘሁ" ብሎ ለዓለም ሲያስተዋውቀው፣ እዚያው እርከን ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ቦታውን ያሳዩትም የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የጠፋ ከተማ አልነበረም፣ ማሳ ነበር። ከዚያ ዕቃው ተቆፍሮ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ፔሩ አንድ መቶ ዓመት ተሟግታ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አስመለሰች። ልብ በሉ፣ ኮንሶ በቅርስነት የተመዘገበበት ዓመት ነው። ኮንሶም የራሱ እንዲህ ያለ ቁስል አለው። ዋካ የሚባሉትን የእንጨት ምስሎች ታውቋቸው ይሆናል፤ ጀግና ሲሞት ይቀረጽለታል፣ ከጎኑ ሚስቶቹ፣ ከእግሩ ሥር የገደለው ጠላት ወይም ነብር። ግንባሩ ላይ ያለው ቀጥ ያለ ጌጥ ለቦረና አዲስ አይደለም፣ የአባ ገዳ ካላቻ ነው የሚመስለው። እነዚህ ምስሎች በሌሊት ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ አዲስ አበባ ለፈረንጅ ሲሸጡ ኖረዋል። የተረፉትንና የተያዙትን ካራት ሙዚየም ውስጥ አየናቸው። ተደርድረዋል፣ መብራት በርቶላቸዋል፣ በሥርዓት ተይዘዋል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጎበኘነው ሁሉ ፍርስራሽ የመሰለኝ ያ ክፍል ብቻ ነው። ሰውዬው ከሚስቱ ተለይቶ ሌላ መደርደሪያ ላይ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ወደ እርከኑ ወረድን። የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነበር፤ ጫማ ብትለብሱ ይሻላችኋል።

ከታችኛው ካብ ላይ አንድ አባት ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ስድሳን አልፈዋል። ባለፈው ዝናብ የካቡ አፍ ተንዷል፤ በልግ ሳይገባ መድፈናቸው ነው። አስጎብኚው በኮንሶኛ ሰላም አላቸውና ከየት እንደመጣን ነገራቸው። "ነገሌ" የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው በኦሮምኛ "ነጋያ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚ አላስፈለገንም።

አባታቸው ጋቢና ቡልኮ ተሸክመው ቦረና ይነግዱ ነበር። ኮንሶ ጥጥ ያመርታል፣ ይፈትላል፣ ይሸምናል፤ ቦረና ከብትና ጨው አለው። ጨዉ የሚመጣው ከሜጋ ወዲህ ካለው ከጨው ቤት ጉድጓድ፣ ከኤል ሶድ ነው። አያቴ እስኪሞት ድረስ የሚለብሰው ወፍራም ቡልኮ "የኮንሶ" ይባል ነበር፤ እኔ የጨርቁ ዓይነት ስም ይመስለኝ ነበር እንጂ የሰው አገር መሆኑን ያሰብኩበት ጊዜ የለም። ይህን ስነግራቸው በጣም ሳቁ። "ታዲያ ዘመድ ነህ" አሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ስለ ኢንካ ድንጋይ ነገራቸው፣ እኔ አስተረጎምኩ። ድንጋዩ ተጠርቦ ተጠርቦ እርስ በርሱ ከመግጠሙ የተነሳ በመካከሉ ምላጭ አይገባም አለ። በእርግጥ ይህ ለቤተ መቅደሱና ለቤተ መንግሥቱ ነው፤ እርከናቸው የተለየ ነው።

"ውሃስ?" አሉ ሰውዬው።

"ውሃም አይገባም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የእኛ ይገባል። ካልገባ ይገፋዋል።"

አንድ ካብ ውሃ ካጠራቀመ በዝናብ ያበጠው አፈር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ካቡ መተንፈስ አለበት፤ ድንጋዩ ድርቅ ብሎ የተካበው ሲሚንቶ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ውሃው በስንጥቁ ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል። የወጣው ውሃ የታችኛውን ደረጃ ያጠጣል፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ከሥሩ ትልልቁ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ካቡ ትንሽ ወደ ተራራው ያዘነብላል፣ ከጀርባው ኮረት ይሞላል። ኢንካዎቹም ይህንኑ ያውቁ ነበር፤ የማቹ ፒቹ እርከኖች ሲቆፈሩ ከላይ ለም አፈር፣ ከሥሩ አሸዋና ጠጠር፣ ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ነው የተገኘው። ሁለት ሕዝብ፣ በመካከላቸው ውቅያኖስ፣ አንድ ዝናብ። ድንጋዩንም ከሩቅ አያመጡትም፤ ከማሳው ውስጥ የሚለቅሙት ነው። ማሳውን ማጽዳትና ካቡን መካብ አንድ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ በዚሁ በኮንሶ፣ እነ ዶክተር ዮናስ በየነና ዶክተር ብርሃኔ አስፋው በሠሩበት ቁፋሮ፣ 1.75 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል። እዚህ አገር ሰው ድንጋይ ከእጁ ያስቀመጠ አይመስለኝም።

የአክስቴ ልጅ ሸሚዙን ሰብስቦ አንድ ድንጋይ አንስቶ አስቀመጠ። ሰውዬው አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ድንጋዩን ግማሽ ዙር አዞሩት። ቁጭ አለ።

"ብቻዎን ነው የሚሠሩት አባ?" አልኳቸው።

ድሮ በደቦ ነበር። አሁንም ደቦ አለ፤ ጉልበቱ ነው የሌለው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አንዱ አርባ ምንጭ ነው። አንዱ ያቤሎ ግንባታ ላይ ነው፤ ምን እንደሚሠራ ስጠይቃቸው "ድንጋይ ይክባል" አሉኝ። በቀን ስንት እንደሚከፈለውም ነገሩኝ። እዚህ የካበው ካብ አይከፍልም፣ ዝናብ ከመጣ ማሽላ ይሰጣል፣ ካልመጣ ምንም። ዝናቡ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶናል፤ ቦረና ከብቱን የጨረሰበት ጊዜ ነው፣ ኮንሶም ማሽላውን። ከተራራው በስተጀርባ ግጭት አለ፣ መፈናቀል ነበር። ወጣቱ ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ እሱ ራሱ የት እንደሚኖር ይንገረኝ።

እኔ ይህን ነገር ከኤላ ነው የማውቀው። ዱብሉቅ የሄዳችሁ የቱላ ጉድጓዶችን አይታችኋል፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃ በእጅ ለእጅ የሚያወጡበት። ፈረንጆቹ "የሚዘፍኑ ጉድጓዶች" ይሏቸዋል፣ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። የማይቀረጸው ግን ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚሆነው ነው። ጎርፍ ደለል ይሞላዋል፤ ሰው ገብቶ መጥረግ፣ መግቢያውን እንደገና መቆፈር አለበት። ያ ሥራ ዘፈን የለውም፣ ያለ ብዙ ሰውም አይሆንም። ተትቶ የተደፈነ ኤላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሣር በቅሎበታል፤ ጉድጓድ ነበር ካልተባላችሁ አታውቁትም። ለመፈራረስ ጦርነት አላስፈለገውም።

ማታ ያቤሎ ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ከፔሩ ሌላ ነገር አሳየኝ፤ እሱም የዚያን ቀን ነው ትርጉሙ የገባው መሰለኝ። እዚያው ኩስኮ ግዛት፣ አፑሪማክ ወንዝ ላይ፣ ከሣር የተገመደ የኢንካ ድልድይ አለ፤ ቄስዋቻካ ይባላል። በሁለቱም ዳር ያሉ መንደሮች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወጥተው ሣር ይገምዳሉ፣ አሮጌውን ቆርጠው ወንዙ ላይ ይጥሉታል፣ አዲሱን ይዘረጋሉ። ከኢንካ ዘመን ጀምሮ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ሳይታደስ ቀረ። በ2021 መጋቢት ላይ ተበጥሶ ወደቀ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የዘለሉት። በዚያው ሰኔ ወጥተው እንደገና ሠሩት።

ማቹ ፒቹ አምስት መቶ ዓመት ቆሟል፣ ድልድዩ ግን አንድ ዓመት አልቻለም። የአክስቴ ልጅ የቱ ይበልጣል ብሎ ሊያከራክረኝ ፈለገ። እኔ ደክሞኝ ነበር። ግን ብጠየቅ ድልድዩን ነው የምመርጠው።

ስለ ቆርቆሮ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ፤ ምክንያቱም ፎቶውን የለጠፍኩላችሁ ቀን ብዙ ሰው አስተያየት ላይ ጽፎልኛል። አዎ፣ ጋሞሌ ውስጥ በሣር ጣራዎቹ መካከል ቆርቆሮ አለ። "ቅርሱን አበላሹት" ያላችሁኝ፣ እናንተ በቆርቆሮ ወይም በኮንክሪት ሥር ተቀምጣችሁ ነው የጻፋችሁት። የሣር ጣራ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ሣሩ እየራቀ ነው፣ የሚከድነው ልጅ ያቤሎ ነው። ልጇ ላይ የሚያንጠባጥብባትን እናት ለእኔ ፎቶ ብለሽ ታገሺ ልላት አልችልም። ከፈለግን ሣሩን እናምጣላት፣ የከዳኙን ዋጋ እንክፈልላት። ያኔ እንነጋገራለን። ሰውዬውንም እንደዚሁ፤ ከቆረጥነው ደረሰኝ ለካቡ የሚደርሰው ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው የሳቁት ሳቅ አስተያየት አያስፈልገውም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከያቤሎ ከላይ እንዳልኩት። መንገዱን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ሰኞ ወይም ሐሙስ ብትደርሱ ገበያውን ታዩታላችሁ። አስጎብኚ ከዚያው ያዙ እንጂ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰው ቤት ስትገቡ ጎንበስ በሉ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሰው ነው የሚኖርበት። ጨቃ ቢያቀርቡላችሁ ትኩስ ነው፣ ከማሽላ የሚጠመቅ፣ ወፈር ያለ፤ በባዶ ሆድ አትድፈሩት። በትልቅ ቅል ነው የሚሰጠው። የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠጥቶ እስከ ሰገን ድረስ ተኝቷል።

ከእርከኑ ስንወጣ ሰውዬው አንድ መልእክት ሰጥተውኝ ነበር። ያቤሎ ስደርስ ልጃቸውን ፈልጌ፣ የታችኛው ካብ እንደተናደ እንድነግረው። የሚሠራበትን ሕንፃ አቅጣጫ ነገሩኝ። በማግስቱ አገኘሁት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቀጭን ልጅ፣ ፊቱ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል። የአባቱን ሰላምታ ነገርኩት። የትኛው ካብ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በሁለት ጣቱ አሰፋው፤ አባቱን አይደለም፣ ከአባቱ አጠገብ ያለውን ክፍት ቦታ።

"ይሄን እኔ ነኝ የካብኩት" አለ። "አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜም አዙረውብኛል።"

በልግ መቼ እንደሚገባ ጠየቀኝ፤ እኔን፣ የነገሌን ሰው። በሁለት ሳምንት ይመስለኛል አልኩት። ቅዳሜ ሒሳብ አለ፣ ከሒሳብ በኋላ እሑድ መኪና ካገኘ እንደሚሄድ ነገረኝ። ከታች ፎርማኑ ጮኸበት፣ ተመለሰ።